አስካለ ስትውጥ እያየሁ

ባለፈው እሑድ ለአስካለ ሙት ዓመት ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ስሄድ፣ መገናኛ ላይ ታክሲ ተሰልፌ ሳለሁ ነው ይኼ ሁሉ የተቀሰቀሰብኝ። ከፊቴ የቆመች አንዲት ልጅ ስልኳ ጮኸ። ጥፍሯን አስረዝማ ቀይ ተቀብታለች፣ የጅንሷ ጉልበት ሆን ተብሎ ተቀድዷል፣ ጆሮዋ ላይ ሙዚቃ ሰክታለች። ስልኳን ዝም አሰኘችና ከቦርሳዋ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ አውጥታ፣ አንዲት ክኒን አፏ ውስጥ ጣል አድርጋ ከሃይላንዷ ተጎነጨችባት። በቃ፣ አለቀ። ክኒኗን አውቃታለሁ፤ እኔም ቤቴ አለችኝ። ዓይኔን ከእጇ መንቀል አቅቶኝ አፍጥጬ ቀርቼ ኖሮ ልጅቷ ዞር ብላ "ማዘር፣ ጠምቶዎት ነው? ይጎንጩ፣ ችግር የለውም" ብላ ውኃውን ዘረጋችልኝ። "ኧረ አልጠማኝም ልጄ፣ ተባረኪ" አልኳት። ቀንቼብሽ ነው አይባል ነገር! አንዲት ክኒን፣ ያውም በሰው ፊት፣ ያውም እንደ ከረሜላ። በእኛ ጊዜ ክኒን የሚዋጠው በር ተዘግቶ፣ መጋረጃ ወርዶ፣ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ነበር። ለእኔ ደግሞ የከፋው ነው የደረሰኝ። እኔ የዋጥኩ አይደለሁም፤ ሌላው ሲውጥ ስጠብቅ የኖርኩ ነኝ።

ያን ጊዜ እንጦጦ ላይ ነበርን። ባሌ ከሞተ በኋላ ተመርምሬ ቫይረሱ በደሜ ውስጥ እንዳለ ሲነገረኝ፣ የወንድሜ ሚስት የምጠጣበትን ብርጭቆ ለይታ መስኮት ላይ አስቀመጠችልኝ። ብርጭቆውንም ቤቱንም ተውኩላትና የስፌት መኪናዬን ሸጬ ወደ ጸበሉ ወጣሁ። በዚያ ዘመን ከጸበሉ በታች፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ፣ የአካባቢው ሰዎች የጭቃ ክፍል ሠርተው ለእንደኛ ዓይነቱ ያከራዩ ነበር። የእኛዋ በወር ሠላሳ ብር ናት፤ ወለሏ አፈር፣ ግድግዳዋ ጋዜጣ የተለጠፈበት፣ ጣሪያዋ ዝናብ ሲመጣ አፍ ለአፍ የማያነጋግር ቆርቆሮ። ለአንድ ሰው ስለምትከብድ ሁለት ሁለት ሆነን ነበር የምንገባው፣ ለእኔ የደረሰችኝ አስካለ ናት። አስካለ የካ ውስጥ ፀጉር ትሠራ ነበር። ታማም፣ አጥንቷ ወጥቶም፣ ነጠላዋን ስታጣፋ ሰው ዞሮ ያያታል። እኔ የሰልባጅ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቤ የድንች ጆንያ ስመስል፣ እሷ ያንኑ ሰልባጅ ወገቡ ላይ ቀበቶ ታስርበትና ከቡቲክ የገዛችው ታስመስለዋለች። ጸበል ተጠምቀን፣ ቀለል ያለን ቀን፣ ቅጠል ከተሸከሙት ሴቶች ኋላ እየተከተልን ፈረንሳይ ታክሲ ማዞሪያው ድረስ እንወርድ ነበር። ዳቦ ያን ጊዜ በሃያ አምስት ሳንቲም ነው፤ ያውም አንዱን ለሁለት ተካፍለው የሚጠግቡት ዳቦ። ታክሲ እስከ አራት ኪሎ በሳንቲም ነው የሚሄደው። ማዞሪያው ጥግ ላይ አንድ ካሴት ቤት ነበር፣ በሩ ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅሎ አንዱን አዲስ ካሴት ቀኑን ሙሉ የሚያስጮኸው። አሁን የስልክ ሽፋን መሸጫ ሆኗል። አስካለ እዚያ በር ላይ ስትደርስ ትቆምና ትከሻዋን ነቅነቅ ታደርገዋለች። ወያላዎቹ ያፏጫሉ። እኔ ዳቦዬን ይዤ ከኋላዋ እቆማለሁ። ሰው ሊሞት ቀጠሮ ይዞ ትከሻ ይነቀንቃል? እያልኩ ውስጥ ውስጡን እበግን ነበር።

ወሬው የመጣው እንዲህ ስንል ነው። ከተማ ውስጥ አንድ ሆስፒታል፣ ሦስት መድኃኒት አንድ ላይ እየሰጡ ሊሞክሩ ነው ተባለ። እስከዚያ ድረስ መድኃኒት የሚባለውን የምናውቀው በስሙ ነበር፤ ለእኛ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ሁለታችንም ወርደን ደም ሰጠን። ዶክተሩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅል ቀጭን ሰው ነበር፣ ሲያስረዳ ጎረቤት ነው የሚመስለው። "አንድ ዘበኛ ብቻ ከሆነ ሌባው ይለምደዋል፣ ውሎ አድሮም ይግባባዋል" አለን። "ሦስት ሆነው ሲቆሙ ግን ከየትኛው ጋር ይግባባል? መድኃኒቱ ሌላ አገር ሠርቷል። እኛ የምናየው እዚህ፣ እናንተ ላይ፣ በእናንተ አኗኗር እንዴት እንደሚሠራ ነው። ሰዓት ይጠበቃል ወይ፣ ሰውነት ይቀበለዋል ወይ፣ ያንን ነው።" ጥቂት ሳምንታት ቆይተን ውጤት ልንሰማ ስንሄድ ሲስተሯ "አስካለ ገብታለች" አለችን። እኔስ ብዬ ጠየቅኩ። "እርስዎ አልገቡም፣ ሌላ ጊዜ" አለችኝና ቀጣዩን ሰው ጠራች።

እኛ ያደግነው በእቁብ ነው። አልጋ የሚገዛው በእቁብ፣ ቆርቆሮ የሚመታው በእቁብ፣ ልጅ የሚዳረው በእቁብ። ስለዚህ ለአንዷ ደርሶ ለሌላዋ ሲቀር ዕጣ ተጣለ ማለት ነው ብለን ነው የገባን፤ ሌላ ምን ይሆናል? ዕጣ ከሆነ ደግሞ ደንቡ የታወቀ ነው። የቸገረው ሰው ካለ ዳኛውን አስፈቅደህ ተራህን ታዞርለታለህ፣ አንተ በእሱ ተራ ትወስዳለህ። አስካለ ከሆስፒታሉ በር ሳንርቅ ቆም አለችና "ሙልዬ፣ ዕጣዬን ላንቺ ላዙርልሽ" አለችኝ። "እኔ በሚቀጥለው ዙር እገባለሁ። ነይ፣ ዳኛው ሳይሄድ እንንገረው።" ይኼም አናደደኝ። ሳይደርሰኝ መቅረቱ አንሶ ሰጪዋም እሷ ልትሆን ነው! ግን ተመለስኩ። ነፍስ ነዋ። ዶክተሩ ጠረጴዛ ፊት ተደርድረን ቆምንና አስካለ አንገቷን ሰበር አድርጋ "ዶክተር፣ የእኔን ተራ ለእሷ ያዙሩላት፣ ተስማምተናል" አለች። ሰውዬው መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ዓይኑ ላይ አደረገ። "ይኼ እኮ ዕጣ አይደለም እህቴ" አላት ቀስ ብሎ። "በደምሽ ውስጥ በሽታን የሚከላከለው፣ ሲዲፎር የምንለው፣ በጣም ወርዷል። ከእንግዲህ የሚጠበቅ ጊዜ የለሽም። የእሳቸው ደህና ነው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። "እርስዎ ገና ይቆዩልናል። ደስ ይበልዎት እንጂ!"

"እኔም እኮ ታምሜያለሁ፣ ዶክተር" አልኩት።

"እሷን ያህል አልታመሙም።"

እንዲህ ያለ ስድብ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ሰው በሀብት ይቀናል፣ በመልክ ይቀናል፣ በትዳር ይቀናል። እኔ በአስካለ ሲዲፎር ማነስ ቀናሁ። እንጦጦን እስክንወጣ አላናገርኳትም። የሚሞተው ሰው መድኃኒት ሊጀምር፣ ደህና የተባለው እስኪብሰው ሊጠብቅ ነው። መሞቴ ካልቀረ በጊዜ ቢብሰኝ ምናለ እያልኩ ዳገቱን እያለከለክሁ ወጣሁት።

የሙከራው ደንብ ደግሞ ሌላ ነገር ነበረበት። እያንዳንዱ ታማሚ ሰዓቱን የሚያስታውሰው፣ ክኒኑን ሲውጥ በዓይኑ የሚያይለት አንድ ሰው ማቅረብ አለበት። አስካለ ከእኔ በቀር ማን አላት? ሲስተሯ አስቀምጣ "መዋጧን ብቻ አይደለም፣ ምላሷን አንስታ ታሳይዎት" ብላ አዘዘችኝ። እንግዲህ አስቡት፤ ለምኜ የተከለከልኩትን ክኒን ሌላ ሴት ጥዋትና ማታ ስትውጥ ማየት ሥራዬ ሆነ። ለእሷ ብለን ከፈረንሳይ ማዞሪያው የፕላስቲክ ሰዓት ገዛን፣ ሰዓቱን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ሲደርስ በሩን እዘጋለሁ፣ መጋረጃውን አወርዳለሁ፣ ክኒኖቹን ከበርበሬ ቆርቆሮው ውስጥ አወጣለሁ። መደበቃችን ለአከራያችን ለእትዬ ብዙነሽ ነው። እትዬ ብዙነሽ ደግ ናቸው፣ በልባቸው ክፋት የለም፤ ግን ጸበል የያዘ ሰው መድኃኒት ከነካ በሁለት ቢላዋ በላ ብለው የሚያምኑ ሴት ነበሩ። ካወቁ ከቤት ያስወጡናል። አስካለ አንዱን ትውጣለች፣ ሁለተኛውን ትውጣለች፣ ሦስተኛው ትልቁ ነው፣ ጉሮሮዋ ላይ ቆም እያለ ዓይኗን እንባ ይሞላዋል። ከዚያ ምላሷን ታነሳልኛለች። እኔም ምራቄን እውጣለሁ።

የመጀመሪያው ሰሞን አቅለሸለሻት፣ አስመለሳት፣ በሕልሟ ባሕር ዛፎቹ እየተራመዱ ይመጡባት ነበር። እኔ ጀርባዋን እያሸሁ፣ ይኸው፣ ዘበኞቹ ሌባውን ትተው ባለቤቲቱን ያዙ፣ እላለሁ በሆዴ። ከዚያ ግን ቀስ በቀስ መብላት ጀመረች። የእሷን በልታ የእኔን ታያለች። ጉንጯ ሞላ፣ ቀበቶዋ አንድ ቀዳዳ ለቀቀ፣ ፀጉሯ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ተመለሰና የመንደሩን ሴቶች ሹሩባ መሥራት ጀመረች። ዓይኔ እያየ ነፍስ ዘራች። ደምሴ የሚባል አናጺ ነበር፣ የዚያን ሰፈር በርና መስኮት ሁሉ የሚጠግን፤ እሱም እንደኛው ታሞ የመጣ፣ ከዓመት በፊት ሚስቱን የቀበረ። ደምሴ ከዚያ በፊት የሚያውቀው እኔን ነበር። ሥራ ሲጨርስ ፍቅፋቂውን ለእሳት ይሁንሽ ብሎ በጆንያ ያመጣልኛል፣ ደጃፌ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል፣ እኔም ስኳር እጨምርለታለሁ። ስኳር ያን ጊዜ በቀላሉ የሚገኝ እንዳይመስላችሁ። አንድ ቀን ፍቅፋቂውን አውርዶ ሻዩን ገና ሳይቀምስ "አስካለ የለችም እንዴ?" አለኝ። ከዚያ በኋላ ሻዩን ያለ ስኳር ነው የሰጠሁት፣ እሱ ግን ልብ አላለውም።

ያ ዓመት እንዲህ አልፎ ፍልሰታ ደረሰ። ጭጋጉ ቤት ውስጥ ይገባል፣ ተራራው በሱባዔ ሰው ይሞላል። አንድ ጠዋት ሰዓቱ ደርሶ በሩን ዘግቼ ክኒኖቹን ሳወጣ፣ አስካለ አልጋው ጫፍ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች። እጇን አልዘረጋችም።

"ተይው ሙልዬ" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ድኛለሁ። እይኝ እስቲ፣ ምን ጎደለኝ? እመቤቴ ናት ያዳነችኝ። ሱባዔ ልገባ ነው፣ እየጾምኩ በባዶ ሆዴ ይኼን መርዝ አልውጥም። እትዬ ብዙነሽንስ እስከ መቼ እዋሻቸዋለሁ?"

"ዶክተሩ አንድ ቀን እንኳ እንዳይዘለል ብሏል።"

"ዶክተሩ እዚህ አይኖርም።"

በመጀመሪያ ለመንኳት። ልጅ እንደሚለመን ለመንኳት። እሷ ግን ያን የሚያምር ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያን ጊዜ ዓይኔ ደም ለበሰ። እኔ ተንበርክኬ ያጣሁትን፣ ዳገት ወጥቼ ወርጄ የተከለከልኩትን፣ ይህቺ ሴት በልታ ጠግባ ልትደፋው! ልክ ልኳን ነገርኳት። ስለ ደምሴም ነገርኳት፣ ስለ ስኳሩም ነገርኳት፣ ካሴት ቤቱ በር ላይ ስለምትነቀንቀው ትከሻም ሳይቀር አወራሁባት። በመጨረሻ ሦስቱን ክኒኖች መዳፌ ላይ ዘረገፍኳቸውና "ጥሩ፣ አንቺ ካልፈለግሽ እኔ እፈልጋለሁ። ዕጣሽን ሰጥተሽኝ አልነበር? ዛሬ ተቀብያለሁ" ብዬ ኩባያውን አነሳሁ። ለማስፈራራት አልነበረም። የምሬን ነበር።

አስካለ ዘወር አለች። መዳፌን አየች፣ አፌን አየች። ያን ጊዜ ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም፤ ዓመቱን ሙሉ በመስታወት ያየሁት ነው። ቀናች። እኔ ስውጠው ማየት አልቻለችም። ተፈናጥራ ክኒኖቹን ከመዳፌ ላይ ነጠቀችና ሦስቱንም አንድ ላይ ወደ አፏ ወርውራ፣ ኩባያውንም ከእጄ ቀምታ ግጥም አደረገችው። አነቃት፣ ሳለች፣ እንባዋ ወረደ። ከዚያ ምላሷን አነሳችና አሳየችኝ፤ እኔ ሳልጠይቃት። መጀመሪያ ሳቄ ያመለጠኝ እኔ ነኝ። እትዬ ብዙነሽ ግድግዳውን እየደበደቡ "ምንድን ነው በጾም ሳቅ!" እስኪሉ ሳቅን። በማግስቱ አስካለ ራሷ ሄዳ ሁሉንም ነገረቻቸው። እትዬ ብዙነሽ ብዙ አኮረፉ፣ ግን አላስወጡንም፤ ጭራሽ ሰዓቱ ሲያልፍ እሳቸው በሩን መቆርቆር ጀመሩ። በዚያ ፍልሰታ መድኃኒቱን የተዉ ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም።

ሙከራው መልካም ሆነ ተባለ፣ ከዚያ መድኃኒቱ በየጤና ጣቢያው ሲዲፎሩ ለወረደ ሁሉ በነጻ መጣ። አስካለና አብረዋት ሙከራው የገቡት "የመጀመሪያዎቹ" ተብለው ቀሩ። ከሌላ አገር ሐኪሞች ሲመጡ እነሱ ናቸው የሚጠሩት፣ ከእነሱ ጋር ነው ፎቶ የሚነሱት፣ በእነሱ ደም ነው ሌላው የተማረው። እሷን ስጠብቅ የኖርኩት እኔ ግን ከፎቶው ውጭ ቦርሳዋን ይዤ እቆማለሁ። ደምሴን ስታገባ ተከራይቼ የለበስኩት የሐበሻ ቀሚስ ትከሻዬ ላይ ጠቦኝ ነበር፤ የሰው ወርቅ አያደምቅ ይሉ የለ። የእኔ ሲዲፎር በስንት ጊዜው ሲወርድ፣ ውጤቱን የነገረችኝ ልጅ ታለቅሳለች ብላ መሐረብ አዘጋጅታ ኖሮ እኔ "ወረደልኝ?" ብዬ ከወንበሬ ስነሳ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። አስካለ ሰምታ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን መጣች፣ ሴት ልጇን አዝላ። ልጅቷ ከቫይረሱ ነጻ ሆና የተወለደች፣ የአናቷ ፀጉር ገና የማይያዝ ሕፃን ናት። አስካለ ፊቴ ተቀምጣ "ዋጪ" አለችኝ። ዋጥኩ። "ምላስሽን አንሺ።" አነሳሁ። እሷን እያየሁ ሳይሆን ጀርባዋ ላይ የተኛችውን እያየሁ ነበር። እኔ ልጅ የለኝም።

እንግዲህ እሑድ ዕለት ታክሲው ደረሰልኝና ከቀትር በፊት ፈረንሳይ ገባሁ። ደምሴ አርጅቷል፣ ደጃፉ ላይ ድንኳን ተጥሏል። ያቺ የታዘለችው ሕፃን፣ ህሊና፣ አሁን የባንክ ሠራተኛ ናት፤ ነጠላዋን እንደ እናቷ አጣፍታ ታስተናግዳለች። ስታየኝ ጉልበቴን ስማ "እትዬ ሙሉ፣ እዚህ ወንበሩ ይሻልዎታል" ብላ አስቀመጠችኝ። ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ በቅርቡ ወደ ሰፈሩ የገቡ ተከራይ ናቸው፣ አስካለን አያውቋትም። ንፍሮውን እየቆረጠሙ ቀና አሉና ህሊናን "እናትሽ ምን ሆና ነው የሞተችው፣ ልጄ?" አሏት፣ በሰው ሁሉ መሃል፣ ድምፃቸውን ዝቅ ሳያደርጉ። በእኛ ዘመን ድንኳን ውስጥ ይህ ጥያቄ አይጠየቅም ነበር። ቢጠየቅም መልሱ የሳንባ ምች ነው፣ ብርድ ነው የመታው፣ ድንገተኛ ነው። ለባሌ ጉበት ነው ብያለሁ። የእንጦጦ ጎረቤቶቻችንን ሁሉ እንዲህ እየዋሸን ቀበርናቸው፤ ለቀስተኛው ያውቃል፣ እኛም እንደሚያውቅ እናውቃለን፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ንፍሮውን ይቆረጥማል።

ህሊና ሳህኑን እንደያዘች "ደም ግፊት ነበረባት" አለቻቸው። "ጨው ተዪ ብለን ብንለምናት እምቢ አለች። በዚያው ስትሮክ መታት።"

"ውይ፣ የእኔም እናት በዚያው ነው የሄደችው" አሉ ሴትዮዋ። "እሷም ጨው ነው የገደላት፣ ምን ይደረግ፣ ዕድሜም ነው።" ከዚያ ዳቦ ቆረሱና ወሬው ወደ ውኃ መጥፋት ዞረ።

በድንኳኑ ውስጥ ማንም አላንሾካሾከም። የተዋሸም ነገር የለም። አስካለ ከሁላችን በፊት እንደምትሞት በሐኪም የተነገረላት፣ እናቶች ሁሉ የሚሞቱበትን ሞት ሞተች፤ ልጇም በአደባባይ ተናገረችው። እንባዬ መጣና ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩት። ደምሴ "አይዞሽ፣ እሷ እኮ ጠግባ ነው የኖረችው" ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ለእሷ ያለቀስኩ መስሎታል። እኔ ግን ቅናት ነው ያስለቀሰኝ። ጨው! እግዜር ይይላት፣ አርጅቶ በጨው መሞትንም ቀደመችኝ።